«ቅባት የለም»

ሐሙስ ማታ ነበር። መጽሔቱ ዓርብ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት ስላለበት ገጾቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ የቀረው የታሪክ ዓምድ ብቻ ነው። ስድስት መስመር ከገጹ ተርፏል። የዓምዱ አርታኢ እኔ ስለሆንኩ የሚቆረጠውን መቁረጥም የእኔ ፈንታ ነበር።

ጽሑፉን ያዘጋጀው አንድ ወጣት ዘጋቢያችን ነው። ስለ ጥንታዊ ግብፃውያን ሽቶና መዋቢያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያነብና ሲጽፍ ከርሞ ያመጣው በመሆኑ፣ የቱንም መስመር ልቁረጥ ቢሉ እጅ ይይዛል። ስለ ኩል የጻፈውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ግብፃውያን በጥንቱ ዘመን የሚኳሉት ማላካይት የተባለውን አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን ፈጭተው ነበር፤ ኋላ ግን ጋሌና የሚባለው ጥቁር የእርሳስ ማዕድን ቦታውን እየያዘ መጣ። ካይሮ የሚገኘው የንጉሥ ናርሜር ሰሌዳ፣ 64 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውና 5,000 ዓመት ያስቆጠረው ያ ዝነኛ ድንጋይ፣ ቅርጹን የወሰደው ከኩል መፍጫ ነው። ንጉሡ ጠላቱን ፀጉሩን ይዞ በዱላ ሊመታ እጁን ሲያነሣ በአንዱ ገጽ ተቀርጿል፤ በሌላው ገጽ ደግሞ አንገታቸውን ያጠላለፉ ሁለት አውሬዎች መሐል፣ ኩሉ የሚፈጭበት ክብ ጎድጓዳ አለ። የአንድ መንግሥት ልደት የተጻፈበት ድንጋይ የመኳያ ዕቃ መሆኑን ዘጋቢያችን በሦስት ዓረፍተ ነገር አስቀምጦታል። ያንን አልነካሁም።

ቀጥሎ ስለ ፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ በሉቭር ሙዚየም ከሚገኙ የጥንት ኩል ዕቃዎች ውስጥ ዱቄት ወስደው መርምረው፣ በተፈጥሮ እንደልብ የማይገኙ ሁለት የእርሳስ ውሕዶች አገኙ። ግብፃውያኑ የእርሳስ ኦክሳይድን ከጨውና ከውኃ ጋር እየቀላቀሉ፣ እያጠለሉ፣ ሳምንታት በሚወስድ ትዕግሥት ራሳቸው የሠሯቸው ናቸው። ከ3,000 ዓመት በላይ የሆነው ኬሚስትሪ መሆኑ ነው! (እግረ መንገዴን ልናገር፦ እርሳስ መርዝ ነው። የጥንቶቹ ተጠቀሙበት ተብሎ እርሳስ ያለበት ኩል በሕፃን ዐይን ላይ እንዳይደረግ አደራ እላለሁ። ዘጋቢያችንም ይህንን ጽፎት ነበር፤ ያንንም አልቆረጥኩም።)

የቆረጥኩት ሌላ ነው። አምስቱን መስመር ከፑንት ታሪክ ላይ አነሣሁ። ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ቀይ ባሕር ደቡብ፣ ብዙ ምሁራን ወደ እኛ አካባቢ ወደሚያስጠጉት ወደ ፑንት ምድር መርከብ ልካ፣ ከወርቁና ከዕጣኑ ጋር 31 የከርቤ ዛፎችን ከነሥራቸው እንዳስመጣች የሚተርከውን አሳጠርኩት። ይህም ቢሆን ያንገበግባል፤ ነገር ግን ማሳጠር የዕለት ሥራችን ነው።

ስድስተኛውን መስመር ያገኘሁት ከመጨረሻው አንቀጽ ነው። እዚያ ላይ ዘጋቢያችን በጽሑፍ ከቀሩልን የሥራ ማቆም አድማዎች ሁሉ ቀዳሚ የሚባለውን ጠቅሷል። በራምሴስ ሣልሳዊ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚስሉ የዴር ኤል መዲና ሠራተኞች ደሞዛቸው ሲዘገይ ሥራቸውን ጥለው ወጡ። የተናገሩትም በፓፒረስ ላይ ተጽፎ ዛሬ ጣሊያን ሀገር ቱሪን ይገኛል፦

«ወደዚህ ያመጣን ረኃብና ጥማት ነው። ልብስ የለም፤ ቅባት የለም፤ ዓሣ የለም፤ አትክልት የለም።»

«ቅባት የለም» የሚለው ቆረቆረኝ። ረኃብ ያስወጣው ሰው እንዴት መዋቢያ ይጠይቃል? ተርጓሚው ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ደግሞም ጽሑፉ ሙሉ ስለ ሽቶና ስለ ኩል ስለሆነ ልጁ ነገሩን ወደ ራሱ ርዕስ ስቦት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ሁለቱን ቃላት አወጣኋቸው፤ መስመሩ ተስተካከለ። ከዚያ እሱ «ኩልና ቅባት በዓባይ ዳር» ያለውን ርዕስ «የፈርዖኖቹ ቅንጦት» ብዬ ቀየርኩት።

በመጽሔታችን እርማት የሚያነቡት ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት ናቸው። ረቂቁን በግራ፣ የታረመውን ገጽ በቀኝ አድርገው፣ በማስመሪያ እየተከተሉ መስመር ለመስመር ያስተያያሉ። መሳቢያቸው ውስጥ ትንሽ የቫዝሊን ቆርቆሮ አለች። ቀኑን ሙሉ ወረቀት የሚያገላብጥ እጅ ይደርቃል፤ በተለይ በበጋ የአውራ ጣታቸውና የሌባ ጣታቸው ጫፍ ይሰነጠቅና ደም እስከማውጣት ይደርሳል። ቫዝሊኑን ሲቀቡ ታዲያ ገጹ ላይ የዘይት አሻራ ይቀራል። ወረቀት ይበላሻል ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬአቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ገጽ ከመያዛቸው በፊት ጣቶቻቸውን በሶፍት እየጠረጉ ነው የሚሠሩት።

ያን ዕለት ማታ ገጹን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«እዚህ ላይ ቃል ጠፍቷል» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እትዬ። ቦታ አልበቃንም።»

«ቦታ ሲጠብ የምንቀንሰው የራሳችንን ቃል ነው፣ ልጄ። ይኼ በጥቅስ ውስጥ ያለ የሰዎቹ ቃል ነው።»

«የተራበ ሰው ቅባት ይጠይቃል ብለው ነው?»

ጥቂት ዝም አሉ። «እናቴ ድሃ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቅቤ ራሷ ላይ ሳታደርግ የሰነበተች እንደሆነ ፀሐዩ አናቴን በላኝ ትል ነበር። ለወጡ ባይተርፍ እንኳ ለራሷ ጥቂት ታስቀር ነበር። ልታጌጥ ብላ አልነበረም።»

የሰማኋቸው በግማሽ ልብ ነው። ሰዓቱ ሄዷል፤ የማተሚያ ቤቱ ሰው ስልክ እየደወለ ነው። «ኃላፊነቱ የእኔ ይሁን» አልኳቸው። «እንግዲያው እዚህ ፈርምበት» ብለው የገጹን ጠርዝ አሳዩኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ዘጋቢው መጣ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ ገልጦ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ሰዎቹ የለንም ያሉት አራት ነገር ነው፤ እኛ ሦስት አደረግንባቸው» አለኝ። አንድ ወፍራም ማኅደር ትቶልኝ ሄደ። ሦስት ሳምንት የሰበሰበው ማስታወሻ ነው።

ያንን ማኅደር ያነበብኩት ቤቴ ወስጄ ነው፤ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የፈለግሁት የአድማውን ታሪክ ነበር። መዝገቡን የጻፈው አመንናኽት የተባለ የመንደሩ ጸሐፊ ነው። ሠራተኞቹ «ተርበናል፤ ከወሩ 18 ቀን አልፏል» እያሉ የመቃብሩን ክልል አምስት ግንቦች አልፈው ወጡ፤ ከቱትሞስ ሣልሳዊ ቤተ መቅደስ ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። ሹማምንቱ መጥተው ተመለሱ ቢሏቸው አልተመለሱም። ስለ ልብሱና ስለ ቅባቱ የተናገሩት ከዚያ በኋላ፣ ወደ ራምሴስ ዳግማዊ ቤተ መቅደስ ዘልቀው ገብተው ነው። መልእክታቸው ለፈርዖንና ለጠቅላይ ሹሙ እንዲደርስላቸውም ጠየቁ። ደሞዛቸው ገንዘብ አይደለም። ተራ ሠራተኛ በወር 4 ከረጢት ስንዴና 1 ከረጢት ተኩል ገብስ ይሰፈርለታል፤ ስንዴው ለዳቦ፣ ገብሱ ለጠላ። ዓሣ፣ አትክልት፣ ማገዶና ሌላውም ከመንግሥት ይመጣል። በዚህ ስሌት ውስጥ ቅባት ምን ያደርጋል?

መልሱ ከአድማው መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በድንጋይ ተጽፏል። ራምሴስ ዳግማዊ በ8ኛ የንግሥና ዓመቱ ድንጋይ ጠራቢዎቹን ሲያነጋግር፣ ግምጃ ቤቶቹን ለእነሱ ብሎ እንደሞላ ይዘረዝራል፤ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ጫማ፣ ልብስ፣ እንዲሁም በየ10 ቀኑ ራሳቸውን የሚቀቡት ቅባት። የግብፃውያን ሳምንት 10 ቀን ነው። ስለዚህ ቅባት ሳምንት በሳምንት የሚታደል የሠራተኛ ድርሻ ነበር። የራምሴስ ሣልሳዊ ሠራተኞች «ቅባት የለም» ያሉት ከጫማና ከልብስ እኩል የተቆጠረውን፣ ንጉሥ በአደባባይ ቃል የገባበትን ነገር ነው።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ዛፍ በማይበቅልበት ሸለቆ፣ የኖራ ድንጋይ ሲፈለፍል የሚውል ሰው ታየኝ። አቧራው ከላቡ ጋር ተለንቅጦ ቆዳው ላይ ይደርቃል፤ ፀሐዩ ከላይ፣ የድንጋዩ ነጸብራቅ ከታች። እጁ ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀ እጅ መሮ አይያዝም።

ማኅደሩ ገና አላለቀም ነበር። ግሪካዊው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን ስለ ጉሎ ዘይት ሲጽፍ፣ በግብፅ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ለመብራት እንደሚጠቀምበት፣ ገላውን የሚቀባበት ግን ድሃውና ከባድ ሥራ የሚሠራው ወንድም ሴትም እንደሆነ ይናገራል። ጉሎ እኛ ምጣድ የምናሰስበት ነው! ባለጸጋው ከሽፈራው ወገን የሆነ ዛፍ ፍሬ የተጨመቀ ጥሩ ዘይት፣ በውስጡም አበባና ከርቤ የተነከረበት ይቀባል፤ ድሃው ጉሎ ይቀባል። በጥራቱ ይለያያሉ እንጂ ሳይቀባ የሚውል የለም። አማርና በተባለችው የጥንት ግብፅ ከተማ ተራ ሰዎች በተቀበሩበት መቃብር ውስጥ ደግሞ፣ በግብዣ በተቀመጡ መኳንንትና በሌሎችም ራስ ላይ በሥዕል ብቻ ይታይ የነበረው ሾጣጣ ነገር፣ ከሰም ተሠርቶ በሁለት ሰዎች አስከሬን ራስ ላይ ተገኝቷል። ግኝቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እስከዚያ ድረስ ሾጣጣው የሠዓሊዎች ፈጠራ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያዘኝ። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ያገኘው የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ቀድሞ በጥንት ሌቦች ተደፍሮ ነበር። ሌቦቹ ከወሰዱት ውስጥ አንዱ ቅባት ነው። ከትላልቆቹ የድንጋይ ማሰሮዎች በእጃቸው እየዛቁ ነው የወሰዱት። ካርተር ወደ ማሰሮዎቹ ውስጥ ሲመለከት፣ በግድግዳቸው ላይ በተጣበቀው ቅባት ውስጥ የሌቦቹ ጣቶች የሄዱበት መስመር ከ3,000 ዓመት በኋላም ይታይ ነበር።

ረቡዕ ለዋና አዘጋጁ የእርምት ማስታወቂያ እንድናወጣ ጠየቅሁ። አንባቢ አንድም ሰው ስላልጻፈልን ይቅር አሉኝ። ስሕተቱ የቀን ወይም የፊደል ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን ዛሬ ተነሥተው መከራከር አይችሉም። ስለ አድማቸው በራሳቸው አፍ ከተናገሩት በእጃችን ያለው ጥቂት መስመር ነው፤ ከዚያ ላይ እኔ ሁለት ቃል ነጥቄአለሁ። የነጠቅሁበትም ምክንያት እኔ ቤት ቅባት የሚቀመጠው የመስታወቱ ሥር ስለሆነ ብቻ ነው። ይህንን ለዋና አዘጋጁ እንዲሁ እንዳለ ነገርኳቸው። አራት መስመር ፈቀዱልኝ።

ማስታወቂያውን ራሴ ጻፍኩት፤ ጥቅሱን በሙሉ መለስኩ፤ ጉድለቱ የዘጋቢው ሳይሆን የአርታኢው መሆኑን፣ ርዕሱም የጽሑፉን ሐሳብ እንደማይወክል ገለጽኩ። ለዘጋቢው ሳሳየው ሁለት ጊዜ አነበበውና «በየ10 ቀኑ የሚለውን ብንጨምርስ?» አለ። ለዚያ ቦታ ለማግኘት የእኔን ይቅርታ አሳጠርነው።

ወደ እርማት ክፍል ስገባ እትዬ ሶፍት አንሥተው ጣታቸውን ሊጠርጉ ነበር።

«ይተዉት፣ እትዬ» አልኳቸው። «ተቀብተው ይሥሩ።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ቆርቆሮዋን ከመሳቢያ አውጥተው ማስመሪያቸው አጠገብ አስቀመጡና ማንበብ ጀመሩ። ገጹ ተመልሶ ሲመጣልኝ ቀይ ምልክት አልነበረበትም። በጠርዙ ላይ፣ «ቅባት የለም» ከሚለው መስመር ትይዩ፣ የአውራ ጣታቸው አሻራ ወረቀቱን አሳስቶት መብራት ያሳልፋል። ከአጠገቡ ፈረምኩና ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁት።