ምክንያቱ ከውሳኔው በፊት ይጻፍ

በአዲስ አበባ የግል ድርጅቶችን በሰው ሀብት አስተዳደር ጉዳይ ሳማክር ከአሠሪዎች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «በመድልዎ እንዳንከሰስ የሚያደርግ አንድ የውስጥ መመሪያ አዘጋጅልን» የሚል ነው። መመሪያ መኖሩን አልቃወምም። ሆኖም ለእንግዳ ብቻ እንደሚወጣ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መመሪያ ክርክር በተነሣ ጊዜ ያለው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤት የሚመረምረው ድርጅቱ ስለ እኩልነት የጻፈውን ውብ አንቀጽ ሳይሆን ይህች ሠራተኛ ለምን እንደተሰናበተች፣ ያ አመልካች ለምን እንደታለፈ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሰጠው ምክንያት ከውሳኔው በፊት የነበረ ይሁን ወይም ክሱ ከደረሰ በኋላ የተፈጠረ መሆኑን ነው።

ሕጉ ራሱ ለማንበብ የሚከብድ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪው በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ኤድስ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ሁኔታ በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። አንቀጽ 26 ደግሞ የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት የማይሆኑትን ሲዘረዝር የጋብቻ ሁኔታን፣ የቤተሰብ ኃላፊነትንና እርግዝናን ይጨምራል፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆንና በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም እንዲሁ ለስንብት ምክንያት አይሆኑም። ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ የሚፈጸም መድልዎን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ያጸደቀችው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሥራ ማስታወቂያው ነው። «ተፈላጊ ችሎታ» ከሚለው ሥር «ፆታ፦ ሴት፤ ዕድሜ፦ ከ28 ዓመት ያልበለጠች፤ ያላገባች ብትሆን ይመረጣል» የሚል ጽሑፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ የገንዘብ ተቀባይ መደብ ነው እንበል። ሥራው የሚጠይቀው ገንዘብ በትክክል መቁጠርን፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን፣ በፈረቃ መሥራትንና ደንበኛን በአክብሮት ማስተናገድን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ያላገባ ሰው ብቻ የሚፈጽመው አንድም የለም። ስለዚህ አሠሪዎችን የምመክረው ማስታወቂያ ከማውጣታቸው በፊት የሥራ መዘርዝሩን ጽፈው እያንዳንዱን መስፈርት ከአንድ የሥራ ተግባር ጋር እንዲያያይዙ፣ ተግባር ያልተገኘለትን መስፈርት ደግሞ እንዲሰርዙ ነው። የቋንቋ መስፈርትም የሚመዘነው በዚሁ መንገድ ነው። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ደንበኞች ለሚበዙበት ቅርንጫፍ ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ቋንቋን ሰበብ አድርጎ ብሔርን ማጣራት ግን የተከለከለው ልዩነት ነው። በማመልከቻ ቅጾች ላይ እስካሁን የቀሩትን «ብሔር» እና «ሃይማኖት» የሚሉ ክፍት ቦታዎች ማውጣት ወጪ የለውም፤ ለምን እንደሚዘገይ ግን ግልጽ አይሆንልኝም።

በአንድ ድርጅት የቃለ መጠይቅ ውጤት መስጫ ወረቀቶችን ስመለከት ከአንዲት አመልካች ነጥብ ጎን በእርሳስ «ታጭታለች» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ነጥቧ ከፍተኛ ነበር፤ አልተቀጠረችም። ያንን የጻፈው ሰው ክፉ ሐሳብ ነበረው ብዬ አልደመድምም፤ ነገር ግን ያቺ አንዲት ቃል በዳኛ እጅ ብትገባ ድርጅቱ ምን ብሎ ይመልሳል? ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉ ኃላፊዎች ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ እንዲያቀርቡ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ልጅ እንዳይጠይቁ፣ ነጥቡንም ተመካክረው ሳይሆን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሞልተው ፈርመው እንዲያስረክቡ ማድረግ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሥራ አስኪያጆች የሚዘነጉት ድንጋጌ አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ አንቀጽ 87 ለቅጥር ወይም ለደረጃ ዕድገት በሚደረግ ውድድር ሴትና ወንድ እኩል ውጤት ካመጡ ለሴቷ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ሕጉ ከሌሎቹ ይልቅ ጠበቅ ይላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለሥራው ምቹ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ግዴታ ከመጣሉም በላይ መድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክሙን ወደ አሠሪው ያዞረዋል። አሠሪው ልዩነት አለማድረጉን ማሳየት አለበት ማለት ነው፤ ያለ ሰነድ ይህ እንዴት እንደሚቻል አይታየኝም። «ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለንም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። መደቡን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ ለዓይነ ስውር ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም መጫን፣ ፈተናውን በሌላ ክፍል መስጠት ታስቦ ነበር ወይ? ከታሰበስ የት ተመዘገበ?

እርግዝናን በሚመለከት ያለው ፈተና ሌላ መልክ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት የወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥም፣ ሕጉ ካስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የሥራ ውሏ እንዳይቋረጥ ይጠብቃል። ለጥበቃ የተደነገገው ይህ ሁሉ አንዳንድ አሠሪዎች «ሴት ከቀጠርን ፈረቃ ይበላሽብናል» ለማለት ሲጠቀሙበት እሰማለሁ፤ በዚህ ምክንያት ሴትን አለመቅጠር ራሱ የተከለከለው መድልዎ ነው። መፍትሔው ፈረቃውን አስቀድሞ ማቀድና ተተኪውን ለተወሰነ ጊዜ በተደረገ ውል መቅጠር ነው።

ወሲባዊ ትንኮሳን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቅሬታ የሚቀበለው የቅርብ አለቃው ብቻ ከሆነና ትንኮሳውን የፈጸመው እሱ ራሱ ከሆነ በሩ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ተቀባዮች ይኑሩ፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ቅሬታ አቅራቢዋን «ለራሷ ደኅንነት» ብሎ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ማዛወር ደግሞ በተግባር ቅጣቱን በእሷ ላይ ማሳረፍ ነው።

ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚያቀርበው ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። አሠሪዎች ይህንን ጊዜ በልባቸው እየቆጠሩ ማኅደር ለመዝጋት ሲቸኩሉ አያለሁ፤ ይሁን እንጂ ሌሎች የሥራ ግንኙነት ጥያቄዎች የየራሳቸው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ ገደብ፣ ስላላቸው ማስታወቂያውን፣ የነጥብ ወረቀቶቹን፣ የቅሬታ ቃለ ጉባኤውንና የስንብት ደብዳቤውን ቀናቸውና ፊርማቸው እንዳለ ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየቱ ይበጃል፤ ያልተቀጠሩ አመልካቾች ወረቀትም ከእነዚህ ጋር ይቀመጥ።