ቁሌቱን ለሁለት መክፈል፦ የ10 ሳምንት ልምዴ

ሰላም ናችሁ፣ በተለይ ማታ 1 ሰዓት ከስራ ገብታችሁ ልብስ ሳትቀይሩ ኪችን የምትገቡ እናትና አባቶች። እኔም እንደናንተው ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴ አዳር ትገባለች፣ እሷ በሌለችበት ቀን የልጆቹ ራትና የጠዋቱ ምሳቃ የኔ ነው። ትልቋ 8 አመቷ ነው፣ ትንሹ 4። ድሮ አዳር ስትሆን ወይ ዳቦ በእንቁላል ወይ ከውጪ የተገዛ ነገር ነበር የምንበላው፣ ይሄ ደሞ ደሞዙን ወር ሳይሞላ ይጨርሰዋል፣ ከብሩ በላይ ግን ልጆቼ ወጥ ሳይቀምሱ ማደራቸው በጣም ይከነክነኝ ስለነበር መስከረም ላይ በቃ እማራለሁ ብዬ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ስህተቴ ምን መሰላችሁ፣ በየቀኑ ከዜሮ መጀመሬ። ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት፣ ይሄ ብቻ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ የራበው ልጅ ደግሞ አይጠብቅም፣ እኔም ቶሎ እንዲደርስ እሳቱን ስጨምር ሽንኩርቱ ዳር ዳሩ አርሮ መሀሉ ጥሬ ይቀራል፣ ወጡ ይመራል። አንድ ቀን ጎረቤታችን ያሉ እናት መጥተው አዩኝና "ልጄ፣ ሽንኩርት አይጣደፍም፣ መጀመሪያ በራሱ ውሃ ይብሰል" አሉኝ። ለካ ዘይቱ መጀመሪያ አይገባም፣ ደረቁን ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት እያማሰላችሁ፣ ድስቱን ሊይዝ ሲል ትንሽ ውሃ ጠብ እያረጋችሁ፣ መልኩ ጠቆር ሲል ነው ዘይት የሚገባው። ዘይቱም በጣም ይቀንሳል፣ ዘይት እንደሆነ ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

ከዛ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው። አሁን እሁድ ከሰዓት 3 ኪሎ ሽንኩርት ባንዴ አቁላላለሁ፣ ትልቋ ነጭ ሽንኩርት ትልጥልኛለች፣ ትንሹ የተላጠውን እየቆጠረ ሳህን ላይ ያስቀምጣል። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ቁሌቱን ለሁለት እከፍለዋለሁ። እስከዛሬ ካረግኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ግማሹ በርበሬ ገብቶበት የኛ ይሆናል፣ ግማሹ ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብልና እርድ ገብቶበት አልጫ፣ የልጆቹ። ድሮ ትንሹ ያቃጥለኛል ብሎ ሲያለቅስ ለሱ ሌላ ድስት እጥድ ነበር፣ አሁን ያ ቀርቷል። ሲበርድ (ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ አትጨምሩ) ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየለካሁ በላስቲክ ጠፍጠፍ አርጌ ፍሪዘር አስገባለሁ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ድስት ላይ ቶሎ ይሟሟል።

ከዛ የሳምንቱ ራት ቀላል ነው። ምስር ክክ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። አተር ክክ ጠዋት ከቤት ስወጣ ዘፍዝፌው እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ ቶሎ ይበስላል፣ ቡታጋዝም ይቆጥባል። ድንች በካሮት፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ሁሉም ላይ የአልጫው ቁሌት ይገባል። ሽሮ በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ባለቤቴ አንድ ነገር ጨመረችልኝ፣ የምስርና የክክ አይረን ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲኖር ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው፣ ስለዚህ ቲማቲም ወይ ሎሚ ጨመቅ አርግበት፣ ሻይ ደግሞ ከምግቡ ጋር አትስጣቸው አለችኝ። ስጋ በየሳምንቱ ለማንገዛ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የነቢያት ጾም ስለገባ ትልቋ አብራን ትጾማለች፣ ትንሹ ገና 7 ስላልሞላው እንቁላሉን ይበላል፣ የቀረው ማዕድ ግን አንድ ነው።

ምሳቃው ላይ ገና እየታገልኩ ነው። 5ኛው ሳምንት ላይ ትልቋ ፍርፍሯን ሳትነካው መለሰችው፣ ተቆጣሁ፣ ከዛ ቁጭ ብዬ ስጠይቃት "አባዬ፣ ጠዋት ይጣፍጣል እኮ፣ እስከ ምሳ ሲቆይ ይደርቃል" አለችኝ። የተቆጣሁት እስካሁን ይቆጨኛል። ልጅቷ ልክ ነበረች፣ እንጀራው ስልሱን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። አሁን ስልሱን ቀጠን አርጌ ከድሮው እጥፍ ነው የማረገው፣ እንጀራውንም ተለቅ ተለቅ አርጌ እቆርሰዋለሁ፣ ከዛ ወዲህ ባዶ ምሳቃ ነው የሚመጣው። ሩዝ ከሆነ ግን የማታውን ውጪ አድሮ አልሰጥም፣ ያማል፣ ወዲያው አቀዝቅዤ ፍሪጅ አስገብቼ ጠዋት በደንብ አሙቄ ነው።

ጎመን ትንሹ አሁንም እምቢ ብሏል። ካሮት በሞረድ ፈቅፍቄ ክኩ ውስጥ ሳበስለው ግን ይበላል፣ በተለይ ካሮቱን ሲያጥብ ከዋለ "የኔ ወጥ" እያለ ነው የሚበላው።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አልከፍትም፣ ሞልቶ ከተዘጋ ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ በዛን ቀን ጨጨብሳ በቡታጋዝ እሰራና እናድራለን። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ከአዳር ስትመለስ የምስሩ ወጥ ድስት ውስጥ ተርፎ አገኘችው፣ ቆማ በላችና "ማነው የሰራው?" አለች፣ ትልቋ ከኔ ቀድማ "አባዬና እኔ" ብላ መለሰች።

የሚቀጥለው እሁድ ዱባ ወጥ ልሞክር ነው፣ በአልጫው ቁሌት። እናንተን ምጠይቃችሁ ደሞ ሽሮ ምሳቃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እየጠጠረብኝ ነው፣ ቀጠን አርጌም ሞክሬ ነበር፣ እንጀራውን አራሰው። መላ ያላችሁ ንገሩኝ።