ኅዳር ሲታጠን የድመት አፍንጫ

ኅዳር 13፣ ደሴ

ትናንት በየደጁ ቆሻሻው ተቃጠለ። ጭሱ ሰውንም ያስላል፤ ከመንገድ ተነሥታ አፍንጫዋ ለማይደርቅ ድመት ግን የቀናት ጣጣ ነው። የዛሬው ማስነጠስ የጭሱ ነው። ጭንቀት የሚቀሰቅሰው የቫይረስ ሕመም ደግሞ ሳምንት ያህል ቆይቶ ስለሚመጣ እስከ ኅዳር 20 ዓይኗን ማየት ነው።

የማይደርቀው አፍንጫ ሥሩ ብዙ ጊዜ የድመት ሄርፐስ ቫይረስ ነው። በልጅነቷ ይይዛትና ከፊት ነርቭ ሥር ተደብቆ ዕድሜዋን ሙሉ ይኖራል። በአፍንጫዋ ውስጥ ያሉትን ስስ አጥንቶች ጎድቷቸው ካለፈ ንፍጡ ይጠራቀማል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። አንቲባዮቲክ የሚያስታግሰው ይህን ባክቴሪያ ብቻ ስለሆነ ችግሩ ይመለሳል። ስለዚህ የምከታተለው መዳኗን ሳይሆን ማሽተቷን ነው። ያላሸተተች ድመት አትበላም፤ ለጥቂት ቀናት ያልበላች ድመት ደግሞ ጉበቷ በስብ ሊጎዳ ይችላል።

ሥጋውን ለብ አድርጎ መስጠት ሽታውን ያወጣዋል። ከወጥ የወጣ ሥጋ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። ቡናን ያለ እጣን ጠጡ ብሎ ወሎን ማሳመን ከባድ ነው፣ ስለዚህ ድመቷ ሌላ ክፍል ትግባ። ለአፍንጫዋ እንፋሎት ይጠቅማል፦ ቅርጫቷን በጨርቅ ሸፍኖ ሙቅ ውሃ የያዘ ሳፋ ከውጭ፣ እንዳይደፋባት ራቅ አድርጎ፣ 10 ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ። ለሰው ጉንፋን የሚታጠነው ባሕር ዛፍም ሆነ የሜንቶል ቅባት ለድመት መርዝ ነው።

ዓይናሩን ለመጥረግ ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን ይገዛል፤ ከሌለ 9 ግራም ጨው ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ይሟሟል፣ በየቀኑም ይታደሳል። የደረቀውን ሳይልጡ ለብ ባለው የጨው ውሃ አርሶ መጠበቅ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ መያዝ።

በየፋርማሲው ያለው 1% ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ዓይን ለሚያቀላው ክላሚዲያ ለተባለ ባክቴሪያ ጥሩ ነው፣ ቫይረሱን ግን አይነካም። ከተቀባች በኋላ ዓይኗ ይበልጥ ከቀላ ይቁም። ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ) ያለበት ጠብታ ሐኪም ሳያይ አይነካ፤ ኮርኒያዋ (የዓይኗ ጥርት ያለ የፊት ሽፋን) ቆስሎ ከሆነ ቁስሉን ያጠልቀዋል። ዓይኗን ከጨፈነች ሐኪሙ በፍሎረሰይን ቀለም ቁስል ይፈልግ።

ለክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በቀን በኪሎ 10 ሚሊግራም ለ4 ሳምንት ይሰጣል፤ ለ3 ኪሎ ድመት 30 ሚሊግራም ማለት ነው። የሰው 100 ሚሊግራም ካፕሱል በግምት የሚከፈል አይደለም፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይመጥነው። ደረቁን ከዋጠች ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል፣ የምግብ ቧንቧዋም ሊጠብ ይችላል፤ ቢያንስ 6 ሚሊሊትር ውሃ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ይከተለው። ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ ነው፣ ሩብ ክኒንም ቢሆን።

ንፍጡ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ከወጣ ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ሄርፐስ ብሎ መተው አይገባም። የገባ ሣር፣ የበሰበሰ የላይ ጥርስ ወይም እባጭ ሊሆን ስለሚችል በእንፋሎት ጊዜ ሳያባክኑ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው።