መቺን በሚተዋት ኳስ መመዘን

በየዓመቱ ጁላይ ላይ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድኖች ከሃይስኩልና ከኮሌጅ ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። ድራፍት ይባላል። ቀኑ ሲቃረብ ስልኬ በቪዲዮ ይጥለቀለቃል። ቪዲዮዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ። ልጁ ዱላውን ይሰነዝራል፣ ኳሷ ከአጥር ማዶ ትወድቃለች፣ ሰው ይጮኻል። የበዓል በግ የሚገዛ ሰው ግን ቀንዱን አይቶ ብር አይቆጥርም፤ ወገቡን ይዳስሳል። እኔም ወጣት መቺ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ከአጥር ማዶ የሚጥል ምት፣ ሆም ራኑን፣ አይደለም። የትኛዋን ኳስ እንደሚተው ነው።

እዚህ ሐሳብ ላይ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ። በተለይ ዲሲ አካባቢ እየኖራችሁ "ቤዝቦል አይገባኝም" ለምትሉ ወገኖቼ ይጠቅም ይሆናል።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው። ጨዋታውን የለመድኩት ታክሲ እየነዳሁ በሬዲዮ ነው። ቻርሊ ስሎውስ እና ዴቭ ጄግለር የዋሽንግተን ናሽናልስን ጨዋታ ሲያስተላልፉ እያንዳንዷ ኳስ የት እንዳለፈች ይናገራሉ። ወደ ውስጥ፣ ዝቅ ብላ፣ ከዳር። ጆሮዬ በመጀመሪያ የለመደው ይህንን ነው። ከውጤቱ በፊት የኳሷን መንገድ።

ሕጉ ከባድ አይደለም። ፒቸሩ ይወረውራል። ኳሷ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ አካባቢ ባለው ከፍታ፣ ሆም ፕሌት በሚባለው ነጭ ምልክት ላይ ካለፈች ስትራይክ ናት። ከዚያ ወጥታ መቺው ከተዋት ቦል ትባላለች። 3 ስትራይክ ከተቆጠረበት ይወጣል። 4 ቦል ከተቆጠረለት በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም መቺው ሮጦ ወደሚረግጠው የመጀመሪያ ማዕዘን፣ ይሄዳል። የሆም ፕሌት ስፋት 17 ኢንች ብቻ ነው። በሰዓት 95 ማይል የተወረወረች ኳስ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። ልምታ ወይስ ልተዋት? ጨዋታው በሙሉ ያለው በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው።

ይህንን በደንብ ያሳየኝ የናሽናልስ መቺ የነበረው ሁዋን ሶቶ ነው። ሶቶ በድራፍት አልመጣም። ድራፍቱ የአሜሪካ፣ የካናዳና የፖርቶ ሪኮ ልጆችን ነው የሚመለከተው። የዶሚኒካን ልጆች ገና በ16 ዓመታቸው በቀጥታ ይፈርማሉ። ናሽናልስ በ2015 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ በ2018 በ19 ዓመቱ ዋናው ሊግ ገባ። ኳስ ሲተው ዝም ብሎ አይተዋትም። ጎንበስ ይላል፣ እግሩን አፈሩ ላይ ይጎትታል፣ ፒቸሩን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ትዕቢት ነው የወሰደው። እኔ ግን ሰውየው እያንዳንዷን ኳስ እስከ መጨረሻው ሲከተላት አየሁ። በ2021 ዓመቱን ሙሉ 145 ጊዜ በነጻ ቤዝ ሲያገኝ፣ በስትራይክ የወጣው 93 ጊዜ ብቻ ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሚዛን ያለው መቺ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከዚያ በኋላ ታክሲዬ መሳቢያ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አኖርኩ። ሰው ስጠብቅ ጨዋታውን በስልክ አያለሁ፤ ስለ ወጣት መቺዎች ጥቂት ነገር ብቻ እጽፋለሁ። ከዞኑ፣ ማለትም ስትራይክ ከሚባለው ቦታ፣ የወጣች ኳስ ላይ ዱላውን ሰነዘረ ወይ? ሁለት ስትራይክ ከተቆጠረበት በኋላ ምን ለወጠ? ያንኑ ፒቸር ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኘው ብልህ ሆነ ወይስ እንደ መጀመሪያው ተሸወደ? መታ ወይ አልመታ የሚለውን ሆን ብዬ አልጽፍም። ጥሩ የተመታች ኳስ ተጫዋች እጅ ላይ ትወድቃለች፤ በደንብ ያልተመታችው ደግሞ ሁለት ሰው መሃል ሾልካ ትሄዳለች። የአንድ ቀን ውጤት ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ውሳኔ ግን አይዋሽም።

አንድ ጓደኛዬ "አንተ ደግሞ! ሆም ራን ካልመታ ምኑን መቺ ሆነ?" ይለኛል። ሆም ራን እኔም እወዳለሁ፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን የ18 ዓመት ልጅ ሆም ራን የሚመታው ማን ላይ ነው? ብዙውን ጊዜ ነገ የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህር በሚሆን የሃይስኩል ፒቸር ላይ ነው። ዱላውም ብረት ነው። በፕሮፌሽናል ሊግ እንጨት ነው የሚያዘው፤ ዱላው በትክክለኛው ቦታው ካልነካት ኳሷ አትሄድም። መልማዮች በየበጋው ኬፕ ኮድ ድረስ የሚጓዙት ለዚህ ነው። እዚያ የኮሌጅ ልጆች በእንጨት ዱላ ይጫወታሉ፤ ፒቸሮቹም ከያሉበት የተሰበሰቡ ምርጦች ናቸው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ፍሬድሪክስበርግ ነው። የናሽናልስ ታዳጊዎች የመጀመሪያ ሙሉ ዓመታቸውን የሚጀምሩት በአብዛኛው እዚያ ነው። መንገዱ ካልተዘጋ በአውራ ጎዳና 95 ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ትኬቱ ርካሽ ነው። ከሆም ፕሌት ጀርባ፣ መረቡ ሥር መቀመጥ ይቻላል። ዲሲ ባለው ትልቁ ስታዲየም እንዲህ ያለ ቦታ የእኛ አቅም አይደለም። ፍሬድሪክስበርግ ላይ ግን የዱላው ድምፅ ይሰማሃል፣ ከመቺው ጀርባ ተቀምጦ ኳስ የሚይዘው ካቸር ሲያጉረመርም ይሰማሃል።

አንድ ምሽት ከአጠገቤ ቁጥር እየጻፉ የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጁ ላይ ሁለት ስትራይክ ተቆጥሯል። "እግሩን ተወው፣ እጁን እየው" አሉኝ። ፒቸሩ ስላይደር ወረወረ። ኳሷ መጀመሪያ መሃል የምትመጣ ትመስላለች፤ መጨረሻ ላይ ወደ ታችና ወደ ውጭ ትሸሻለች። የልጁ የፊት እግር መሬት ረገጠ፣ ዳሌው መዞር ጀመረ። እጆቹ ግን ከትከሻው ኋላ እንዳሉ ቀሩ። ዱላው አልወጣም። ካቸሩ ኳሷን ከአፈር ላይ አነሳት። የሚቀጥለው ፋስትቦል፣ በፍጥነት ቀጥ ብላ የምትመጣው ኳስ፣ ነበር፤ ልጁ ወደ ቀኝ ሜዳ ቀለል አድርጎ ሰደዳት። ሕዝቡ ያጨበጨበው ለሁለተኛዋ ነው። ሽማግሌው የጻፉት የመጀመሪያዋን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም የማየው እጅ ነው። እግር ይታለላል፤ የትልልቆቹም እግር ይታለላል። እጁ ኋላ የሚቀር ልጅ ግን ለመወሰን ጊዜ አለው።

በዚህ መነጽር ስታዩት የናሽናልስ ያለፉ ዓመታት ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2009 ስቲቨን ስትራስበርግን፣ በ2010 ብራይስ ሃርፐርን በአንደኛ ተራ መረጥን። ሁለቱም በትውልድ አንዴ የሚገኙ ስለነበሩ ደጋፊው ድራፍት ማለት ኮከብ የሚታፈስበት መደብር መሰለው። በ2011 አንቶኒ ሬንዶን በ6ኛ ተራ ሲመጣ ደግሞ ይባስ አመነ። በ2019 ሻምፒዮን ስንሆን ስትራስበርግና ሬንዶን ምሰሶዎቹ ነበሩ። ከሬንዶን በኋላ ግን በመጀመሪያው ዙር ተመርጦ በዋሽንግተን ማሊያ ኮከብ የሆነ ልጅ ለረጅም ዓመታት አልታየም።

ኢላይጃ ግሪንን ውሰዱ። በ2022 በ5ኛ ተራ ተመረጠ። ፈጣን ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ ሰውነቱ የአትሌት ነው። ቪዲዮው ልብ ያሞቃል። ፍሬድሪክስበርግ ሲጫወት ግን ዱላ ይዞ ከቆመባቸው 10 ጊዜያት በ4ቱ ገደማ በስትራይክ ይወጣ ነበር። ስለ ልጁ ክፉ መናገር አልፈልግም፤ ያን ያህል የሚለፋ ወጣት ላይ መሳለቅ ነውር ነው። የምለው ስለ መራጮቹ ነው። ጉልበት በጂም ይመጣል፣ ፍጥነት በሩጫ ሰዓት ይለካል። ኳስ የመለየት ዓይን ግን በ18 ዓመት ከሌለ በኋላ ማምጣቱ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ በ5ኛ ተራ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ያ ዓይን ነበር።

ጄምስ ዉድ ግን ነገሩን ያወሳስብብኛል። በዚህም ደስ ይለኛል። የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ ያደገው እዚሁ ሰፈራችን ነው ማለት ይቻላል። ሳንዲያጎ በ2021 በሁለተኛው ዙር መረጠው። በ2022 ኦገስት ላይ ሶቶ ሲሸጥ ከሲጄ ኤብራምስ፣ ከማኬንዚ ጎርና ከሌሎች ጋር ወደ ዋሽንግተን መጣ። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። በ2025 ጁን መጨረሻ ላይ በአንድ ጨዋታ 4 ጊዜ ሆን ተብሎ በነጻ ቤዝ ተሰጠው። ከታዋቂው የሆም ራን መቺ ባሪ ቦንድስ 2004 ወዲህ እንዲህ የተፈራ አልነበረም። በዚያው ዓመት ግን ከ200 ጊዜ በላይ በስትራይክ ወጣ። ታዲያ ዓይን የለውም ማለት ነው? አይደለም። ዉድ ከዞን የወጣችውን ይተዋል። ችግሩ ዞን ውስጥ ያለችውን መሳቱ ነው። እጁ ረጅም ስለሆነ ዱላው ብዙ መንገድ ይጓዛል። ደብተሬ ላይ እነዚህን ሁለቱን ለይቼ መጻፍ የጀመርኩት በእሱ ምክንያት ነው። መጥፎ ኳስ ማሳደድ ሌላ ነው፣ ጥሩ ኳስ መሳት ሌላ። ሁለተኛው ይስተካከላል ብዬ ነው የማምነው። ዉድን ለማንም የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

ዲለን ክሩዝ ደግሞ ልቤን የሚያስጨንቀኝ ነው። በ2022 ከሁሉ ቡድን የባሰ ውጤት የነበረው ናሽናልስ ነው፤ 107 ጊዜ ተሸንፏል። ቀድሞ ቢሆን አንደኛ ተራ የእኛ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የመጀመሪያው የዕጣ አሠራር ገባና ዕጣው ለፒትስበርግ ወጣ። ፒትስበርግ ፖል ስኪንስን ወሰደ፤ እኛ ከዚያው ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ክሩዝን። ስኪንስ በ2024 የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፣ በ2025 ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ። ክሩዝ በ2025 ተጎዳ፣ ዱላውም ቀዘቀዘ። ጓደኞቼ ተስፋ ቆርጠውበታል። እኔ አልቆረጥኩም። ኮሌጅ እያለ በነጻ የሚያገኘው ቤዝ ብዙ ነበር፤ እዚያ የገጠሙት ፒቸሮችም ቀላል አልነበሩም። ዓይን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። አሁን የምጠብቀው የፊት እግሩን ቶሎ አሳርፎ ጊዜ እንዲያገኝ ነው።

ወደ 2025 ድራፍት ልምጣ። አንደኛው ተራ በዕጣ ለእኛ ደረሰ። ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ለዓመታት ቡድኑን የመሩት ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ተባረሩ። በጊዜያዊነት የተተኩት ማይክ ዲባርቶሎ ኢላይ ዊሊትስን መረጡ። የ17 ዓመት የኦክላሆማ ልጅ፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚከላከል)፣ በቀኝም በግራም የሚመታ። አባቱ ሬጂ ዊሊትስም ለኤንጀልስ የተጫወተ ነው። ብዙ ደጋፊ የሚጠብቀው የቀድሞውን ኮከብ መቺ የማት ሆሊዴይን ልጅ ኢታንን ወይም የኮሌጁን ፒቸር ኬድ አንደርሰንን ነበር። "ርካሹን መረጡ" ተባለ።

እዚህ ላይ ገንዘቡን መረዳት ያስፈልጋል። ሊጉ ለእያንዳንዱ ተራ ዋጋ ይተምናል፤ ቡድኑ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች የሚያወጣው ድምር ገደብ አለው። ከገደቡ አብዝቶ ካለፈ የወደፊት ምርጫውን ሊያጣ ይችላል። የአንደኛው ተራ ትመና በ2025 ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ዊሊትስ የፈረመው በ8.2 ሚሊዮን ነው። የተረፈው ኪስ ውስጥ አልገባም። ላንደን ሃርመን፣ ሚጌል ሲሜና ኮይ ጄምስ የተባሉ የሃይስኩል ልጆች ኮሌጅ ከመሄድ ይልቅ እንዲፈርሙ አደረገ። ድራፍትን አንድ ስም ብቻ አይቶ መፍረድ ልክ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። አንደኛውን ተራ ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ዙር ጋር አብራችሁ አንብቡት።

ዊሊትስን በተመለከተ ምርጫው ልክ ነው ባይ ነኝ። የሚታወቀው ኳስ በመንካት እንጂ አጥር በማሻገር አይደለም፤ እኔ ደግሞ ከአንድ የ17 ዓመት ልጅ የምፈልገው ያንን ነው። ጉልበት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስጋቴ አንድ ነው። ሁለቱንም ጎን የሚመታ ልጅ በቀኝ የሚቆምበት ቀን ያንሳል፤ ምክንያቱም በቀኝ የሚቆመው የግራ እጅ ፒቸር ሲገጥመው ነው፣ እነሱ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የቀኙ ጎን ወደ ኋላ ሊቀርበት ይችላል። ደብተሬ ላይ ለሁለቱ ጎን የተለያየ ገጽ ከፍቻለሁ።

ፍሬድሪክስበርግ ላይ የሚያሳየውን ብቻ ይዤ ግን አልፈርድም። እዚያ ያሉት ወጣት ፒቸሮች ሲጨንቃቸው ፋስትቦል ነው የሚወረውሩት። ፔንስልቬንያ ውስጥ ሃሪስበርግ፣ ደብል ኤ የሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ግን ቦል ሲበዛባቸውም ዘግይታ የምትመጣውን ቼንጅአፕና የምትታጠፈውን ከርቭ ይወረውራሉ። ፋስትቦል ብቻ የሚጠብቅ መቺ እዚያ ይጋለጣል። ዊሊትስ እዚያ ሲደርስ የግራ እጅ ፒቸር የሚጀምርበትን ቀን መርጬ እሄዳለሁ። በቀኝ ቆሞ፣ ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮበት፣ እጁ ኋላ ይቀር እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።