የሐና ፊት የተፈታው ሳሙኤል ሳይጸነስ ነው

የጸሎት መልስ ሲመሰከር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው መጨረሻውን ነው፤ ልጅ ተወለደ፣ በሽታ ለቀቀ፣ የተዘጋ በር ተከፈተ። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ግን ከዚያ ቀድሞ የመጣ ሌላ መልስ ጽፎልናል። የምንመሰክረው ስለዚያኛው ነው።

ሐና መካን ነበረች። ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ ስታስቆጣት ታለቅሳለች፣ እህልም አትቀምስም። በሴሎ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች። ካህኑ ዔሊ መጀመሪያ የሰከረች መስሎት ገሠጻት፤ እውነቱን ስትነግረው ግን በሰላም አሰናበታት። ቁጥር 18 እንዲህ ይላል፦ መንገዷን ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አዘንተኛ መስሎ አልታየም። ገና አልጸነሰችም። ጣውንቷም ያችው ጣውንቷ ናት። ያን ቀን የቀመሰችው እህል ግን ጌታ እንደ ሰማት ምስክር ነው።

ይህ ሰላም እንዴት እንደሚመጣ ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ በጻፈው ፊልጵስዩስ 4፥6-7 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል፦ በጸሎትና በምልጃ፣ ከምስጋና ጋር፣ ልመናችሁን አስታውቁ። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው “አስታውቁ” የሚለው ላይ ነው። “ጌታ ሆይ፣ ሁሉን ታውቃለህ” ብለን ከተነሣን ጭንቀቱ ስም ሳይወጣለት አብሮን ይነሣል። ሐና የለመነችው በጥቅሉ በረከት አይደለም፤ ወንድ ልጅ ብላ ነው። እንግዲህ “ነገ የሚነገረኝን የምርመራ ውጤት ፈርቻለሁ” ወይም “ከወንድሜ ጋር የተጣላሁበት ነገር ዕረፍት ነሥቶኛል” ብሎ ነገሩን መጥራት ነው። ልብ ከተበተነ ወረቀት ላይ መጻፍ ይረዳል፤ አንዱ ጭንቀት በአንድ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ከጌታ የሚፈለገው። ምስጋናው ስለ ችግሩ አይደለም፤ ከዚህ በፊት እጁን ያየንባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ነገሮች ለይቶ መጥቀስ ነው።

እዚያው ፊልጵስዩስ 4፥7 ላይ ያለው የተስፋ ቃል የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን “ይጠብቃል” ይላል። የግሪኩ ቃል የወታደር ጥበቃን ያመለክታል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 11፥32 ላይ የደማስቆ ከተማ ስለ መጠበቋ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። ዘበኛ በር ላይ የሚቆመው ከውጭ የሚመጣ ስላለ ነው። ስለዚህ አሳብ መጥቶ ቢያንኳኳ ሰላሙ ሄደ ማለት አይደለም።

ተጸልዮም ሰላም የሚታጣበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። የተሸሸገ ኃጢአት ከሆነ መዝሙር 32 መፍትሔውን ይነግራል፤ መናዘዝ ነው። ወንድም ቅር ተሰኝቶ ከሆነ ማቴዎስ 5፥24 መባውን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ሥጋ ከዛለ ደግሞ ኤልያስን ማሰብ ነው፤ ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር አልተቆጣውም፣ አስተኛው፣ መልአኩን ልኮም ሁለት ጊዜ አበላው። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ጋ ቢሄድ እምነት አጎደለ አይባልም፤ እንዲያ የሚሉት ወገኖች የደከመ ሰው ላይ ሸክም ይጨምራሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። “ሰላም ተሰምቶኛል” ብቻውን የውሳኔ ማረጋገጫ አይሆንም። ኢየሱስ በማዕበል መካከል ተኝቷል፤ ዮናስም ተኝቷል። ዮናስ ግን ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ ነበር። ስለዚህ መርከቢቱ ወዴት እየሄደች እንደሆነ በቃሉ መመርመር ያስፈልጋል።

ሌሊት ላይ ያው ጭንቀት ሲመለስ ደግሞ ጸሎቱን ከሥር መጀመር አያስፈልግም። 1ኛ ጴጥሮስ 5፥7 “ጣሉት” ይላልና “ጌታ ሆይ፣ ይህን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ፤ አመሰግንሃለሁ” ማለት ይበቃል። አሥር ጊዜ ቢመለስ አሥር ጊዜ።