ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያውን የኪራይ ቤት ለሚገዙ፦ ካርታ፣ አፈርና ሒሳብ

ደላላ ቤት ሲያሳያችሁ ከዋጋው በፊት የካርታውን ኮፒ ጠይቁ። ኮፒ ለመስጠት የሚያንገራግር ሻጭ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ የሚሸጥ ቤት ሞልቷል። ኮፒው እጅ ሲገባ ሻጩን ይዞ የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት መሄድና ዋናውን ፋይል ማስወጣት ነው። የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ መኖር አለመኖሩ የሚጣራው እዚያ ነው። ቦታው የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ዝቅተኛው ቅድሚያ ክፍያ 10 በመቶ ነው፤ «ሊዙ ተከፍሏል» ሲባል ያው አስር በመቶው ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀሪው ስም ሲዞር የገዢው ዕዳ ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስማቸው የሰፈረው ሁሉ መፈረም አለባቸው፤ «ወንድሜ አረብ አገር ነው፣ እሱ ችግር የለበትም» የሚባል ነገር አይሠራም። በውክልና የሚሸጥ ከመጣ ወረቀቱን አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም አጣሩ፤ እሱ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይቀራል።

ቀብድ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሕጉ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የከፈለው ወገን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ መጠኑን ከማካበድ ይልቅ ውሉን ቶሎ ውልና ማስረጃ ማድረስ ይሻላል። ቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት ተጽፎ የቀረ ወረቀት የቁጥር 1723ን የምዝገባ ግዴታ አያሟላም፣ ብዙ ክርክርም የሚነሳው ከእሱ ነው።

ከከተማው ዳር ያለ የገበሬ መሬት ርካሽ ስለሆነ ጀማሪን ይስባል። ተዉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው ላዩ ላይ ያለው ቤት ነው። «በስጦታ ስም እንጻፈው»፣ «የብድር ውል እናስመስለው» የሚሉት መንገዶች ሲከራከሩ ይፈርሳሉ። ከተማው ሲሰፋና ካሳ ሲመጣ ደግሞ የሚጠራው የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለው ገበሬ ነው።

ወረቀቱ ከጠራ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። ካርታው 10 በ20 ካለ አራቱንም ጎን ለኩ። የጎረቤት አጥር በ20 ሜትሩ ጎን 80 ሳንቲ ከገባ 16 ካሬ ሄዷል ማለት ነው፤ ከ200 ካሬ 8 በመቶ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነሳል።

አሁን አፈሩ። እዚህ ላይ ሰው ቸኩሎ ስለሚያልፍ ረዘም እናድርገው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ አለ። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጥር ላይ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ቤቱ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ምልክቱ የሚታየው በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ ነው፦ ከጥጉ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ፣ ብሎኬት ላይ ደግሞ እንደ ደረጃ የሚሄድ። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካያችሁ ጥጎቹን በጣት ዳስሱ፣ በሮቹን ሁሉ ክፈቱና ዝጉ፤ ፍሬሙ የተጣመመ በር ታችኛው ጥጉ ላይ ወለሉን ይፍቃል። ከግድግዳው አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለ ይብሳል፣ አፈሩን መጥጦ ያደርቀዋል። ጉድጓድ ማስቆፈር ከተቻለ ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር እንደሚወርድ እዩ። ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ጠንካራው ድረስ ተቆፍሮ የድንጋይ መሠረት ይወጣል፤ ጥልቅ ከሆነ ጥቁሩ ወጥቶ በሰሌክት (ተመርጦ ከሌላ ቦታ በሚመጣ የማያብጥ አፈር) ተተክቶ፣ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። መሠረት ከተቆፈረበት የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ መሙላት ከንቱ ድካም ነው። ነባር ቤት ላይ የሚሠራው ርካሽ መፍትሔ ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት ማስፈሰስና የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ከግድግዳው ማራቅ ነው። የተቻለው ቤቱን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይየው።

ሒሳቡ አጭር ነው፣ ግን ብዙዎችን ያሳዝናል። ለምሳሌ ቤቱ 2,400,000 ብር ቢሆን፣ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ 48,000፣ ደላላም ያንኑ ያህል ቢወስድ፣ ከነልዩ ልዩው ወደ 2,500,000 ይጠጋል። አምስት ክፍል በ3,000 ብር ሲከራይ በዓመት 180,000 ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወር ቢያርፍ 165,000፤ ለጥገናና ለሽንት ቤት ማስመጠጫ 25,000 ሲነሳ 140,000 ይቀራል። 5.6 በመቶ መሆኑ ነው፣ የኪራይ ገቢ ግብሩም ገና አልተከፈለም። የባንክ ቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው የቤት ዋጋ መጨመር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በማንም እጅ አይደለም፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለችው አጣዬ በ2013 በግጭት መውደሟን ሁሉም ያውቃል። በእኛ ግምት ጀማሪ ከዓመት ጠቅላላ ኪራዩ አሥር እጥፍ በላይ መክፈል የለበትም፤ በዚህ ምሳሌ 1,800,000 ብር። ግቢው ፈቃድ ወጥቶለት ሁለት ሦስት ሰርቪስ የሚያስጨምር ከሆነ ብቻ ከዚያ ከፍ ይባል። በባንክ ብድር ይህን ዓይነት ቤት መግዛት ግን ወለዱ ኪራዩን ይውጠዋል።

ተከራዩ ማን እንደሆነ አስቡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ክፍል ለሁለት ለሦስት ይከራያል፤ ሽንት ቤትና ውሃ ላይ ጫናው በዚያው ልክ ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህር ለብቻው ቆጣሪና በር ይፈልጋል። ሁለቱም ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩን ይፈራሉ፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሌሊት ላቡን አውጥቶ ጠዋት አልጋ ላይ ያንጠባጥባል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ የምትገዙ ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ ከፍ ያለ ጣራና ነፋስ የሚያስተላልፍ መስኮት ነው የሚፈለገው።

የኪራይ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውሉ ጊዜ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ቤት ለመጠገን ያሰበ ሰው ዕቅዱን እዚህ ላይ ያስተካክል፤ ከመፈረማችሁም በፊት ውሉ የትኛው ቢሮ እንደሚመዘገብ ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ።