28 ሰከንድ

ሆቴሉ ጣና ዳር ነው። 15 ካሜራ ገጥሜለት ነበር። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ደውሎ «የዌብሳይታችን ካሜራም አብሮ ይቀረጽልን» አለኝ። ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ሐይቁን በቀጥታ የሚያሳየው ካሜራ ነው። የገጠመው ሌላ ሰው ስለሆነ ፓስዎርዱ የለም፤ ያለው ሊንኩ ብቻ ነው።

የካሜራዎቹን ምስል የሚቀርጸው ዕቃ፣ ኤንቪአሩ፣ አርቲኤስፒ የሚባለውን የካሜራ ቪዲዮ መላኪያ ዘዴ እንጂ ሊንኩ የሚጠቀምበትን የዌብሳይት ዘዴ፣ ኤችኤልኤስን፣ አይቀበልም። ስለዚህ መሀል ላይ ሚኒ ፒሲ አስቀመጥኩ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ፕሮግራም ሊንኩን ያነባል፣ ሚዲያኤምቲኤክስ የሚባለው ደግሞ በ8554 ፖርት ወደ አርቲኤስፒ ያወጣዋል። 16ኛ ቻናል ላይ ጥርት ብሎ መጣ። ሂሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የአንዲት እንግዳ ቦርሳ ጠፋ። ከዘጌ የመለሷት ጀልባ ነጂ ቦርሳውን ደረጃው ሥር አስቀምጠው ወዲያው ሄደዋል። «ከዚያ ወዲያ ማን እንደመጣ አላየሁም» ይላሉ። የደረጃው ካሜራ ግን 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ አንድ ሰው ሲወርድ ያሳያል። በ16ኛው ቻናል ደግሞ ጀልባቸው የተነሳችው 30ኛው ሰከንድ ላይ ነው።

«20 ሰከንድ አብራችሁ ነበራችሁ። እንዴት አላየሁም ይላሉ?» አላቸው ሥራ አስኪያጁ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

ጀልባ ነጂው ጋሼ ስክሪኑን ትተው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ስነሳ ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም። የሚዋሸው ይሄ ዕቃህ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ዕቃዬን ልከላከል አፌን ስከፍት ቁራጮቹ ትዝ አሉኝ። ኤችኤልኤስ ቪዲዮን እየቆራረጠ ነው የሚልከው። የአፕል መመሪያ ለአንዱ ቁራጭ 6 ሰከንድ ይላል። ኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ ካላዘዙት በቀር ከመጨረሻው 3 ቁራጭ ወደኋላ ብሎ ነው የሚጀምረው። ኤንቪአሩ ሰዓት የሚለጥፈው ምስሉ ሲደርሰው ነው፤ ነገሩ የተፈጸመበትን ሰዓት ከየት ያውቀዋል?

ጋሼን ይዤ ወረድኩ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ይዞ ስክሪኑ ፊት ቀረ። ጋሼ መቅዘፊያቸውን ሽቅብ ሲያነሱ መቁጠር ጀመርኩ።

«አነሱ?»
«ኧረ ዝም ብለው ቆመዋል።»

10 ደረስኩ።

«አሁንስ?»
«ምንም።»

20 ላይ የጋሼ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አላወረዱም። ዓይናቸው ካሜራው ላይ ነው።

«አነሱ! አሁን አነሱ!»

28 ሰከንድ።

ጀልባዋ የሄደችው 2ኛው ሰከንድ ላይ ነበር ማለት ነው። ሰውየው የወረደው ከዚያ 8 ሰከንድ ቆይቶ ነው።

ቦርሳው በማግስቱ ወደ ጎንደር የሄደ ሚኒባስ ውስጥ ተገኘ። የወረደው ሰው ሹፌሩ ነበር፤ የራሱ ተሳፋሪዎች ዕቃ መስሎት ጭኖታል። ሥራ አስኪያጁ «እሰይ፣ እንኳን ተገኘ» አለ። ለጋሼ አንድ ቃል አልተናገረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔ ግን እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «ተው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ።

ካሜራውን የገጠመውን ሰው ለምኜ ፓስዎርዱን አገኘሁ። በ554 ፖርት በቀጥታ ሳስገባው መዘግየቱ ከ2 ሰከንድ በታች ወረደ። መጀመሪያውኑ ልለምነው ይገባኝ ነበር። አሁን ማንኛውንም ቻናል ሳስረክብ ካሜራው ፊት ሰው አቁሜ እጁን አስነሳለሁ።

ጋሼ እዚያው ሆቴል እንግዳ ያመላልሳሉ። ጀልባቸውን የሚያስሩት ግን ማቆሚያው ላይ አይደለም። አለፍ ብሎ ካለው ሾላ ሥር ነው፤ ካሜራው እዚያ አይደርስም።